በ17 ዓመት የተጻፈ የልብ ታሪክ

ከነቢያት ጎዳና ወደ ኢትዮጵያ መንገድ ታጥፎ ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረትን ለሚሳለም የኢየሩሳሌም ኢትዮጵያዊ፣ የስትራውስ ጤና ማዕከል የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነው። በ1929 የተከፈተው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በናታን ስትራውስ ገንዘብ ነው። ሰውየው ጀርሙ ያልተገደለ ወተት ሕፃናትን እየፈጀ ነው ብሎ ኒው ዮርክ ውስጥ ሲሟገት የኖረ ነጋዴ ነበር። ዛሬ በኢየሩሳሌም ልጆችን የሚያሰጋው ጠርሙስ የለስላሳው ነው።

ውፍረት ለልብ ምን ማለት እንደሆነ የውትድርና መዝገብ ያሳያል። የእስራኤል ወጣቶች ለውትድርና ሲጠሩ፣ 17 ዓመት ገደማ ላይ፣ ቁመታቸው፣ ክብደታቸውና የደም ግፊታቸው ይለካል። ጊላድ ትዊግ፣ የኢየሩሳሌሙ ተመራማሪ ጄረሚ ካርክና ባልደረቦቻቸው ከ1967 እስከ 2010 የተለኩ የ2.3 ሚሊዮን ወጣቶችን መዝገብ ከሞት መዝገብ ጋር አገናኝተው ውጤቱን በ2016 አሳተሙ። በዚያ ዕድሜ ከመጠን በላይ የወፈሩት በልብ ደም ሥር በሽታ የመሞት ዕድላቸው ወደ 5 እጥፍ ተጠግቷል። እኔን ያስደነገጠኝ ግን ሌላው ነው፦ ክብደታቸው «ደህና» ከሚባለው ሳይወጣ ከመካከለኛው ትንሽ ከፍ ባሉት ላይም አደጋው መጨመር ጀምሮ ነበር።

ይህ ለቤተ እስራኤል ቤቶች የሩቅ ወሬ አይደለም። በ1984 እና 1985 በሙሴ ዘመቻ፣ በ1991 ደግሞ በሰሎሞን ዘመቻ ወደ እስራኤል የመጡት ከጎንደር ገጠር የወጡ ቀጫጭን ሰዎች ነበሩ፤ ስኳርም ግፊትም እምብዛም አልነበረባቸውም። ጤፉና ሽሮው በነጭ ዳቦ፣ በብስኩትና በለስላሳ ሲተካ፣ የእግር መንገዱም በአውቶቡስ፣ ነገሩ በአንድ ትውልድ ተገለበጠ። አናት ያፌና ባልደረቦቿ በ2016 እንዳሳዩት፣ ከኢትዮጵያ የመጡት ስኳር የሚይዛቸው ከሌላው እስራኤላዊ በለጋ ዕድሜና ባነሰ ክብደት ነው። ስለዚህ የክሊኒኩ የክብደት ሰንጠረዥ «ችግር የለም» ያለው ልጅ በውስጡ ችግር ሊኖርበት ይችላል።

ቤት ውስጥ ደግሞ ሰንጠረዡን የሚያይ የለም። ልጅ ከሳ ከተባለ የምትወቀሰው እናቱ ናት። አያት ጉንጩ የሞላውን ሳም አድርጋ «ተመስገን፣ ወዝቷል» ትላለች፤ በቀጭኑ ላይ ሌላ ጉርሻ ይጨመራል። ረሃብን ያየ ሰው ሥጋን እንደ ስጋት ሊያይ አይችልም፤ አልፈርድበትም።

ግፊት ደግሞ ከክብደት ይልቅ ይሸሸጋል፤ ልጅ አያመውም፣ አያስለቅሰውም። ደም በኃይል ሲገፋ ዓመታት ከቆየ ግን የደም ሥር ግድግዳ ይደድራል፣ የልብ ጡንቻም ይወፍራል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር በ2017 ከ3 ዓመት ጀምሮ በየዓመቱ ይለካ ብሏል። አለካኩም ወግ አለው፦ ልጁ ጀርባውን አስደግፎ፣ እግሩን መሬት አሳርፎ ጥቂት ደቂቃ ዝም ይላል፤ ክንዱ ከልቡ ትይዩ ይሆናል፤ የሚጠመጠመው ጨርቅም በክንዱ ልክ ይመረጣል። የጠበበ ጨርቅ ቁጥሩን ያለ ምክንያት ከፍ ያደርገዋል፤ የወፈረ ልጅ በትንሽ ጨርቅ ተለክቶ በከንቱ የሚደናገጥ ወላጅ ብዙ ነው።

ተስፋውም በቁጥር አለ። ከአሜሪካ፣ ከፊንላንድና ከአውስትራሊያ 6,328 ሰዎችን የተከታተለ ጥናት በ2011 እንዳሳየው፣ በልጅነታቸው ወፍረው ካደጉ በኋላ የቀነሱት በስኳርም በግፊትም ረገድ ወፍረው ከማያውቁት ጋር ተቀራራቢ ሆነዋል። ስለዚህ የ17 ዓመቱ ልኬት ቢዘገይም ከንቱ አይደለም።

የእስራኤል መንግሥት በ2020 ስኳር፣ ጨውና ቅባት የበዛበት ምግብ ላይ ቀይ ምልክት አስለጠፈ፤ በ2022 ጣፋጭ መጠጥ ላይ ግብር ጣለ። በ2023 ግብሩን አነሳው። ብዙ ልጅ ያላቸውን ድሆች ይጎዳል ብለው ከተሟገቱት አንዱ ወገን የሃይማኖተኞቹ ፓርቲዎች ናቸው፤ መራጮቻቸው የሚኖሩበት ሜአ ሸዓሪም ደግሞ የኢትዮጵያ መንገድ ጎረቤት ነው። ሙግቱ እውነት አለው። የግብሩ ገንዘብ ግን ለግምጃ ቤት ከመግባት ይልቅ ለትምህርት ቤት ነርስና በልጆች ክንድ ልክ ለተሰፋ መለኪያ ቢውል፣ የሁለቱም ሰፈር ልጆች የጦር ሠራዊቱን ቀጠሮ ሳይጠብቁ በ7 እና በ10 ዓመታቸው ይለኩ ነበር።