ከዛጎል እስከ ደመወዝ

የጃፓን ልጆች በስድስት ዓመት የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸው 1,026 ካንጂ ይማራሉ። አንደኛ ክፍል 80፣ ሁለተኛ ክፍል 160 እያለ ይቀጥላል። ካንጂ ከቻይና የመጣ ጽሕፈት ነው፤ እኛ ፊደል ስንቆጥር የምንይዘው ድምፅ ነው፣ እዚያ ግን ምልክቱ ራሱ ትርጉም አለው።

እኔ የያዝኩት መንገድ መጀመሪያ ትርጉሙን ብቻ መማር ነው፤ ንባቡ ይቆያል። ጄምስ ሃይሲግ የተባለ ሰው በመጽሐፍ ያስፋፋው ዘዴ ነው። ለትምህርት ወደ ጃፓን መሄድ የሚያስብ ጓደኛዬ ግን አልተዋጠለትም። “ድምፅ አውጥተህ ካላነበብከው ምን ይሠራልሃል?” ይለኛል።

ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሴ ዛጎል ነው።

ዛጎል የሚለውን ካንጂ ልጆቹ የሚማሩት ገና አንደኛ ክፍል ነው። ዛፍ፣ እሳት፣ ውሃ እሺ፤ ዛጎል ግን በቀን ስንቴ ይጻፋል? ነገሩ የሚገባው ወደኋላ ሲታይ ነው፤ በጥንት ቻይና ዛጎል እንደ ገንዘብ ያገለግል ነበር። ስለዚህ ከሁለተኛ ክፍል ጀምሮ “መግዛት” ሲመጣ ከሥሩ ዛጎል አለ። “ሀብት”፣ “ማበደር”፣ ስድስተኛ ክፍል ላይ “ደመወዝ”፣ ሁሉም ውስጥ አለ። “ድህነት” ደግሞ ከላይ “መከፋፈል”፣ ከታች ዛጎል ነው። (“መከፋፈል” የገባው ለድምፁም ጭምር ነው፤ ቢሆንም አራት ዓመት ኢኮኖሚክስ ስማር ድህነትን እንዲህ ባጭሩ የነገረኝ የለም።) “መሸጥ”ም ዛጎል ነበረው፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አጻጻፉ ሲቀልል ወጣ። ገዢው ገንዘቡን ይዞ ቀረ፣ ሻጩ ባዶ እጁን!

እንግዲህ አንድ ትርጉም የያዘ ሰው ብዙ በር ይከፈትለታል። ግን በሩ ሁሌ አይከፈትም። “እጅ” እና “ወረቀት” አንድ ላይ ሲጻፉ ቴጋሚ፣ ማለትም ደብዳቤ ነው፤ ይሄን መገመት ይቻላል። “ትልቅ” እና “መቁረጥ” ሲገናኙስ? ታይሴትሱ፣ ማለትም ውድ፣ አስፈላጊ። ሁለቱን ትርጉም በቃሉ ያጠና ሰው ዓመት ቢያፈጥበት እዚህ አይደርስም። ጓደኛዬ ልክ የሚሆነው እዚህ ጋ ነው። ጃፓንኛ የሚኖረው በቃላት ውስጥ ነው፤ “ሕይወት” የሚለው ካንጂ ብቻውን እንደገባበት ቃል ሴይም፣ ሾም፣ ሌላም ተብሎ ይነበባል።

ስለዚህ ለራሴ ድንበር አበጀሁ። የአንደኛና የሁለተኛ ክፍሎቹን 240 በትርጉም ብቻ ጨረስኳቸው፤ አብዛኞቹ የሌሎች ካንጂዎች ጡብ ስለሆኑ ያዋጣል። ከሦስተኛ ክፍል ወዲያ ግን ያለ ቃል ብቻውን የምይዘው ካንጂ የለም። ለመሄድ የሚዘጋጅ ሰው ደግሞ ከዚህም ቀደም ብሎ ቃል ውስጥ ቢገባ ይሻለዋል፤ መንገድ የሚጠይቀው በአፉ ነው።

አሁን የሦስተኛ ክፍሉ 200 ላይ ነኝ። ሰሞኑን የያዝኩት ማኬሩ የሚለውን ነው፤ መሸነፍ ማለት ነው። ከዜሮ በታች ያለ ቁጥርም፣ ዕዳም በዚሁ ካንጂ ይጻፋሉ። ከሥሩ ዛጎል አለ።