ወንበሬን ማን በላው? አንድ ዓመት ከአሶሳ የእንጨትና የቀርከሃ ሠራተኞች ጋር

ነገሩ የተጀመረው በዱቄት ነው። ለሥራ አሶሳ በተመደብኩ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለተከራየሁት ባዶ ቤት ሁለት የቀርከሃ ወንበርና አንዲት አነስተኛ ጠረጴዛ ከመንገድ ዳር ገዛሁ። ዋጋቸው አይከብድም፤ መልካቸውም ያምራል። ስድስት ወር ሳይሞላቸው ግን ጠዋት ጠዋት ቤት ስጠርግ ከወንበሮቹ እግር ሥር የጤፍ ዱቄት የመሰለ ብናኝ አገኝ ጀመር። እጠርገዋለሁ፤ በማግስቱ እዚያው አለ። አንድ ቀን ሊጠይቀኝ የመጣ ወዳጄ ገና ከመቀመጡ የወንበሩ እግር ከዳውና ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ስብራቱን ሳየው ውጪው ቆዳ ብቻ ነው፤ ውስጡ ተበልቶ አልቋል።

“ድሮም ቀርከሃ ዕቃ አይሆንም” አልኩ። አዲስ አበባ ሳለሁ ደጋግሜ የሰማሁትን አባባል ነበር መልሼ ያልኩት። ለማንኛውም ይጠገን እንደሆነ ብዬ የተሰበረውን እግር ይዤ በሰፈሬ ወደሚገኙ የእንጨትና የቀርከሃ ሠራተኞች ሄድኩ። ዘጠኝ ናቸው፤ በአንዲት የቆርቆሮ ዳስ ሥር በማህበር ይሠራሉ። በዕድሜ ትልቁ፣ ሁሉም “ጋሼ” የሚሏቸው አናጺ፣ ከድርቁ በኋላ በ1977 ዓ.ም ከወሎ ወደ አሶሳ ከመጡት ሰፋሪዎች አንዱ ናቸው። እግሩን አገላብጠው አዩና “ስንት ገዛኸው?” ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ፣

“በስንት ወር ነው የተቆረጠው?” አሉኝ።

“እኔ ምኑን አውቄ ጋሼ? የገዛሁት በነሐሴ ነው።”

“እንግዲያማ ነቀዙን ከነቀለቡ ነው የገዛኸው ልጄ።”

ከዚያች ቀን ጀምሮ፣ ከ2015 ሰኔ እስከ 2016 ሰኔ፣ ቅዳሜዬን እዚያች ዳስ ውስጥ አሳለፍኩ። ወንበሬን ማን እንደበላው የገባኝ ዓመቱ ሲዞር ነው።

ሣር እንጂ እንጨት አይደለም

ቀርከሃ እንጨት ይምሰል እንጂ ዘሩ ሣር ነው፤ የጤፍ፣ የበቆሎና የሸንኮራ አገዳ ዘመድ። በአገራችን በተፈጥሮ የሚበቅሉት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው በአዊ፣ በሲዳማ፣ በጉራጌና በመሳሰሉት ደጋዎች የሚበቅለው፣ ውስጡ ባዶ የሆነው ረጅም ቀርከሃ ነው። ሁለተኛው የቆላው ነው። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ያለውም ይኸው ነው። አጠር ይላል፣ ቀጠን ይላል፣ ውስጡ ግን ድፍን ወይም ለድፍን የቀረበ ነው። በአማርኛ ትክክለኛ ስሙ ሽመል ነው። ገበሬው በትከሻው ላይ የሚያጋድመውን ዱላ ሽመል የምንለውም በዚሁ ተክል ስም ነው።

ዋና መሥሪያ ቤቱ ቤጂንግ የሆነው ዓለም አቀፉ የቀርከሃና የራታን ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረገው የሳተላይት ጥናት የኢትዮጵያን የቀርከሃ ሽፋን 1.47 ሚሊዮን ሄክታር ያደርሰዋል። ከዚህ ውስጥ ትልቁ ድርሻ የቆላው ሽመል ሲሆን፣ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ የዚህ ዓይነቱ ዋና መገኛ ነው። ድፍንነቱ ለእጅ ሠራተኛው በረከት ነው፤ እንደ እንጨት ይበሳል፣ ይሞረዳል፣ በመሮ ይቀረጻል። ጋሼ በዋንዛ የለመዱትን ቅርጽ በሽመል ላይ ማውጣት የቻሉት በዚህ ምክንያት ነው። አንድ ዋንዛ ለሥራ የሚሆን ውፍረት እስኪያወጣ አሥርት ዓመታት ይፈጃል። ሽመል ግን በሦስት ዓመቱ ይደርሳል።

ችግሩ ያለው ከቆዳው ሥር ነው። ቀርከሃ እንደ ዘመዶቹ ስታርች ያከማቻል። እህላችንን ጎተራ ድረስ ተከትሎ የሚመጣው ነቀዝ ሲሳይ ፍለጋ እንደሆነ ሁሉ፣ የቀርከሃው ነቀዝም የሚመጣው ይህን ስታርች ብሎ ነው። ስታርቹ በበዛ ቁጥር ግብዣው ይሰፋል። መጠኑ ደግሞ እንደ ወቅቱ ይለያያል። የጋሼ ጥያቄ ምስጢሩ ይህ ነው።

ገጀራ የማይነሳበት ክረምት

አሶሳ ላይ ዝናቡ ከሚያዝያ መጨረሻ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ሽመል በክረምት ቡቃያውን ያወጣል። የበቀለው ዘንግ በጥቂት ወራት ውስጥ ሙሉ ቁመቱንና ውፍረቱን ይይዛል፤ ከዚያ ወዲህ አይወፍርም፣ አይረዝምም፣ ብቻ ይጠነክራል። እናቲቱ ተክል በዓመቱ ያጠራቀመችውን ምግብ ለቡቃያው የምታጠባው በዚህ ጊዜ ነው። ያኔ የቆረጠ ሰው እርጥብና ጣፋጭ ዘንግ ይዞ ይሄዳል፤ ቡቃያውንም ረግጦ የመጪውን ዓመት ምርት ያበላሻል። ለበርታና ለጉሙዝ ቤተሰቦች ቡቃያው ራሱ የክረምት ምግብ ነው፤ በደንብ ተቀቅሎ ይበላል።

ስለዚህ የማህበሩ አባላት ክረምቱን በእንጨት ነው የሚያሳልፉት፦ ሙቀጫ፣ ገበታ፣ በርጩማ፣ የመጥረቢያ እጀታ። ከቀርከሃ የሚሠሩት ካለፈው በጋ አድርቀው በጣራው ሥር ካስቀመጡት ብቻ ነው።

በዚያ ዓመት ፈተናው የመጣው በሐምሌ ነው። አንድ ነጋዴ ከአዲስ አበባ ደውሎ ለሚከፍተው ምግብ ቤት አርባ ወንበር እስከ መስከረም እንዲደርስለት ጠየቀ። ማህበሩ ያለው ደረቅ ሽመል ለአሥራ አራት ወንበር ብቻ ይበቃል። ያን ቅዳሜ ሥራ አልተሠራም፤ ክርክር ብቻ ነበር። ከሁሉም በዕድሜ የሚያንሰው፣ ሚስቱ የወለደችለት ገና በሳምንቱ የሆነ ወጣት፣ “ነገ ሄደን እንቁረጥ፤ ነቀዙ የሚወጣው እሱ ቤት ነው፣ ማን ያውቅብናል?” አለ። ጋሼ አልተቆጡትም። የእኔን የተበላ የወንበር እግር ከመደርደሪያ አወረዱና መሀል አስቀመጡት። ከዚያም “ይህንንም የሠራው ሰው ማን ያውቅብኛል ብሎ ነበር” አሉ።

ለነጋዴው አሥራ አራቱን አሁን፣ ቀሪውን በመጋቢት እናድርስልህ ተባለ። ነጋዴው ሌላ ቦታ አገኘና አንዱንም ሳይወስድ ቀረ። ወጣቱም መስከረም ላይ ማህበሩን ትቶ ወርቅ ወደሚታጠብበት ሄደ።

ከኅዳር እስከ መጋቢት

ኅዳር ሲገባ አብሬያቸው ለቆረጣ ወጣሁ። የደረሰ ዘንግ አመራረጥ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። የዘንድሮው አረንጓዴ ነው፤ ቅርፊቱንም ገና አላወለቀም። ሦስት ዓመት ያለፈው ደግሞ ደብዘዝ ይላል፣ ሽበት የመሰለ ነጠብጣብ ይወጣበታል፣ ሲመታም ጠጠር ያለ ድምፅ ይሰጣል። ወጣቱ ዘንግ የሚበቅለው በዳር በዳር ስለሆነ የሚቆረጠው ከመሀል ነው። ከአንድ ቁጥቋጦም ከሲሶ በላይ አይወሰድም። የሚቆረጠው ከመሬት ከፍ ብሎ ልክ ከአንጓው በላይ ነው፤ በጉቶው ውስጥ ውሃ እንዳይተኛና ሥሩ እንዳይበሰብስ።

ከዚያ በኋላ መድኃኒቱ ይከተላል። ቀድሞ አባቶች ዘንጉን ለሳምንታት ውሃ ውስጥ ይዘፈዝፉት ወይም ጭስ ከማይጠፋበት ጣራ ሥር ይሰቅሉት ነበር፤ ሁለቱም ይሠራሉ። ማህበሩ የሚጠቀመው ቦሪክ አሲድና ቦራክስ ነው። በ100 ሊትር ውሃ ከ5 እስከ 8 ኪሎ ድብልቅ ይገባና ዘንጉ በፕላስቲክ በተነጠፈ ጉድጓድ ውስጥ ይነከራል። ባዶው የደጋ ቀርከሃ አንጓው ከተበሳ መድኃኒቱን ቶሎ ይጠጣል። ድፍኑ ሽመል ግን ትዕግሥት ይፈልጋል፤ እኛ ሁለት ሳምንት አቆየነው። መድኃኒቱ በዝናብ ስለሚታጠብ እንዲህ የታከመ ዕቃ ለቤት ውስጥ እንጂ ለደጅ አይሆንም። ቀጥሎ ጥላ ሥር ቀጥ ብሎ ቆሞ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይደርቃል፤ ፀሐይ ላይ የተጣለ ይሰነጠቃል። ወንበር መሥራት የሚጀመረው በየካቲት ነው።

ልዩነቱ ምን ያህል ነው? ያልታከመ ቀርከሃ መሬት ከነካ ከ1 እስከ 3 ዓመት፣ ጣራ ሥር ከሆነ ከ4 እስከ 7 ዓመት ይቆያል ይባላል። በደንብ የታከመው ግን ጣራ ሥር ከአሥር ዓመት በላይ ያገለግላል። በክረምት ተቆርጦ ያልታከመ ደግሞ እንደ እኔው ወንበር ዓመትም ላይሞላ ይችላል።

እውነተኛው ነቀዝ

ይህ ሁሉ ዕውቀት አሶሳ ውስጥ አለ። ታዲያ ለምን የተበላ ወንበር ገበያውን ይሞላዋል? የዚያ ወጣት ነገር መልሱን ይሰጠኛል። ኅዳር ላይ የተቆረጠ ሽመል ገንዘብ የሚሆነው በመጋቢት ነው። በመሀሉ አራት ወር አለ። መድኃኒቱ በገንዘብ ይገዛል፣ ልጆች ይበላሉ፣ የቤት ኪራይ አይቆምም። መሥሪያ ካፒታል የሌለው ሰው የቀን መቁጠሪያውን ቢያውቀውም ሊያከብረው አይችልም፤ ዛሬ ቆርጦ ነገ ይሸጣል። ገዢው ደግሞ ታክሞ የተሠራውንና ያልታከመውን በዓይኑ ስለማይለይ ለሁለቱም እኩል ዋጋ ይሰጣል። በጥንቃቄ የሠራው ይከስራል፤ ያልተጠነቀቀው ስሙን ያጠፋል፤ በመጨረሻም “ቀርከሃ ዕቃ አይሆንም” ይባልና ሁለቱም ገበያ ያጣሉ።

ጉዳዩ ከዕቃ ያልፋል። ሽመል በዕድሜው መጨረሻ በአንድነት አብቦ በጅምላ የሚደርቅ ተክል ነው። ያን ጊዜ ጫካው የሚተካው ከወደቀው ዘር ነው። በበጋ የሚነሳ እሳትና የከብት እግር ችግኙን ካጠፋው የሚተካ አይኖርም። ከሽመሉ የሚጠቀም ሰው ችግኙን ይጠብቃል፤ ጥቅም ያላገኘ ግን ጫካውን ለእርሻ ይመነጥረዋል።

እናም አንባቢ የቀርከሃ ዕቃ ሊገዛ ሲሄድ ከዋጋው በፊት ሁለት ጥያቄ ቢጠይቅ መልካም ነው። በስንት ወር ተቆረጠ? በምን ታከመ? የሚያዝዝ ከሆነ ደግሞ በክረምት ለመስከረም አይዘዝ፤ በጥቅምት ቀብድ ከፍሎ በመጋቢት ይረከብ። ያቺ ቀብድ ናት አራቱን ወር የምታሻግረው።

ከአሶሳ ስመለስ አዲስ ወንበር ይዤ መጥቻለሁ። ከመቀመጫው በታች ጋሼ በመሮ “ኅዳር 2016” ብለው ቀርጸውበታል። እስካሁን ጠዋት ጠዋት ሥሩን አያለሁ፤ ዱቄት የለም።