የጣና ነጭ ዓሣ በመራቢያ ወንዞቹ ላይ የተደቀነበት አደጋ

የክረምቱ ዝናብ ጠንክሮ ከጉና ተራራ የሚነሱ ጅረቶች ሲሞሉ፣ የፎገራ ሜዳም በውሃ ሲጥለቀለቅ በጣና ሐይቅ የሚኖረው ነጭ ዓሣ የዓመቱን ጉዞ ይጀምራል። ከሐይቁ ወጥቶ ወንዙን ሽቅብ በመቅዘፍ እንቁላሉን ወደሚጥልበት ጠጠራማ ጅረት ያቀናል። የሚያሳዝነው ግን ዘሩን ለመተካት በሚያደርገው በዚህ ጉዞ ከወንዙ መግቢያ ላይ መረብ፣ ከወንዙ ራስጌ ደግሞ የብርብራ ዱቄት የሚጠብቀው መሆኑ ነው።

ከባህር ጠለል በላይ 1 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኘው ጣና ከ3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የቆዳ ስፋት ያለው የአገራችን ትልቁ ሐይቅ ነው። ስፋቱ ይህን ያህል ይሁን እንጂ ጥልቀቱ አነስተኛ ሲሆን በአማካይ 8 ሜትር፣ እጅግ ጥልቅ በሆነው ሥፍራም ከ14 ሜትር ብዙ አይዘልም። ሐይቁ ለአካባቢው ነዋሪ የዓሣ ምግብ፣ የመጓጓዣና የገቢ ምንጭ ሆኖ የኖረ ከመሆኑም በላይ የዓባይ ወንዝ መነሻ በመሆኑ ጠቀሜታው ከአካባቢው አልፎ የሚሄድ ነው።

ከሐይቁ የሚገኘው የዓሣ ምርት በዋናነት በሦስት ዓይነት ዓሦች ላይ የተመሠረተ ነው። እነዚህም ቀረሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ ናቸው። ቀረሶና አምባዛ በሌሎች የአገሪቱና የአፍሪካ የውሃ አካላትም የሚገኙ ሲሆኑ፣ በጣና ነጭ ዓሣ በሚል የጋራ ስም ከሚጠሩት መካከል አብዛኞቹ ግን ከዚህ ሐይቅና ከገባሮቹ በስተቀር በዓለም ላይ በሌላ ሥፍራ አይገኙም።

ለዚህም ምክንያቱ የሐይቁ አቀማመጥ ነው። ከባህር ዳር ከተማ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘውና 40 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ዓባይ ዓሦች ወደ ሐይቁ እንዳይወጡ አግዶ ይኖራል። በዚህ ተገልለው የኖሩት ዓሦች ከዘመናት ብዛት በአካላቸው ቅርጽ፣ በአፋቸው አፈጣጠርና በአመጋገባቸው እየተለያዩ ልዩ ልዩ ዝርያዎች ለመሆን በቅተዋል። ከፊሎቹ እፅዋትንና በጭቃ ውስጥ የሚገኙ ነፍሳትን ሲመገቡ፣ ስምንት ያህሉ ደግሞ ሌሎች ዓሦችን አድነው ይበላሉ። በኔዘርላንድስ ዋግኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ በ2000 ባሳተሙት ጥናት 15 ዝርያዎች ተለይተው የተገለጹ ሲሆን፣ በኋላ የወጡ ጥናቶች ቁጥሩን ወደ 17 ያደርሱታል።

ነጭ ዓሣን ከሌሎቹ ይበልጥ ለአደጋ የሚያጋልጠው የአረባቡ ሁኔታ ነው። ቀረሶና አምባዛ በሐይቁ ዳርቻና ውሃ በተኛበት ረግረግ መራባት የሚችሉ ሲሆን፣ ከነጭ ዓሣ ዝርያዎች ቢያንስ ሰባቱ ግን ለመራባት ወንዝ መውጣት ግድ ይላቸዋል። ከሐምሌ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ እንደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ ባሉ ወንዞች መግቢያ ላይ በብዛት ይሰበሰባሉ። ከዚያም ወደ ላይ በመውጣት ውሃው ጥርት ብሎ በፍጥነት ወደሚወርድበትና ታቹ ጠጠር ወደሆነ ገባር ጅረት ገብተው እንቁላላቸውን ይጥላሉ።

እንቁላሉ በጠጠሩ መካከል ተሸሽጎ የሚያድገው በቂ ኦክስጅን ያለው ውሃ ሳያቋርጥ ሲያልፍበት ብቻ ነው። እናቶቹ እንቁላላቸውን ጥለው ወደ ሐይቁ ሲመለሱ የተፈለፈሉት ጫጩቶች በወንዙ ውስጥ ይቆያሉ። ክረምቱ አልፎ ውሃው ሲጎድልም በየኩሬው ተጠራቅመው የተወሰነ ጊዜ ካሳለፉ በኋላ ወደ ሐይቁ ይወርዳሉ። ነጭ ዓሣ ቀስ ብሎ የሚያድግና ለመራባት ለመድረስም ዓመታትን የሚፈልግ በመሆኑ አንድ ጊዜ የተጎዳ ትውልድ በቀላሉ አይተካም።

በጣና ላይ ዓሣ የማስገር ሥራ ለረጅም ዘመናት ከደንገል በሚሠራ ታንኳና በአነስተኛ መሣሪያ ሲካሄድ የቆየ ነበር። እ.ኤ.አ ከ1986 ወዲህ ሞተር የተገጠመላቸው ጀልባዎችና ዘመናዊ መረቦች ወደ ሐይቁ በመግባታቸው ዓሣ አስጋሪዎች ከዚያ በፊት ወደማይደርሱባቸው የሐይቁ ክፍሎች ለመዝለቅ ችለዋል። ይህም የብዙ አስጋሪዎችን ገቢ ያሳደገና ለከተሞች የዓሣ አቅርቦት ያስገኘ እርምጃ ነበር። ችግሩ የተፈጠረው መረቡ በመራቢያ ወቅት በወንዞች መግቢያ ላይ መዘርጋት ሲጀምር ነው። በሌላ ጊዜ በሰፊው ሐይቅ ተበትኖ የሚኖረው ዓሣ በዚያ ወቅት በአንድ ጠባብ ሥፍራ ስለሚሰበሰብ በጥቂት ድካም ብዙ ይያዛል። ይሁንና የሚያዘው እንቁላሉን ገና ያልጣለ ዓሣ ነው።

የወቅቱ የገበያ ሁኔታም ለዚህ የራሱ ድርሻ አለው። በብዙ አካባቢዎች በጾም ወራት ዓሣ የመመገብ ልማድ በመኖሩ በነዚህ ጊዜያት የዓሣ ፍላጎት ከፍ ይላል። ጾመ ፍልሰታ ደግሞ ከነሐሴ 1 ጀምሮ ለሁለት ሳምንታት የሚውል ነው። ይህም ነጭ ዓሣው ወደ ወንዞቹ ከሚጎርፍበት ወቅት ጋር ይገጣጠማል።

ወንዙን ይዞ ሽቅብ ሲኬድ የሚያጋጥመው ችግር ደግሞ ሌላ መልክ አለው። በዚያ ዓሣውን የሚይዘው ጀልባና ሞተር ያለው አስጋሪ ሳይሆን በወንዙ ዳር የሚኖረው አርሶ አደር ነው። ዓሣው በጠባብ ጅረት ውስጥ ሲያልፍ አጥር በማበጀት፣ መረብ በመዘርጋት ወይም የብርብራ ዘር ፈጭቶ በውሃው ውስጥ በመበተን ይያዛል።

ብርብራ የአገራችን ብቸኛ ሀብት የሆነ ዛፍ ሲሆን በጥላነቱና በማገዶነቱ ጠቀሜታው የታወቀ ነው። በዘሩ ውስጥ የሚገኘው ሮተኖን የተባለው ንጥረ ነገር ግን በዓሣ ላይ ብርቱ መርዝ ነው። በስንጥቡ በኩል ወደ ደሙ ከገባ በኋላ የሰውነቱ ሕዋሳት በኦክስጅን እንዳይጠቀሙ ያግዳል። ዓሣው በውሃ መካከል እያለ ታፍኖ ወደ ላይ የሚንሳፈፈውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ዘዴው ከጥንት ጀምሮ የሚታወቅ ከመሆኑ የተነሳ ብዙዎች እንደ ጥፋት አይቆጥሩትም። ሆኖም መረብ ቢያንስ ከዓይኑ ያነሰውን ዓሣ ሲያሳልፍ፣ መርዝ ትልቁንና ትንሹን አይለይም። ለምግብ የሚፈለገው ጥቂት ትልልቅ ዓሣ ሆኖ ሳለ በዚያው ኩሬ የተጠራቀሙት ጫጩቶች፣ ዓሦቹ የሚመገቧቸው ነፍሳትም አብረው ያልቃሉ። በተለይም በበጋ ወራት ውሃው በጎደለበት ጊዜ አንድ ኩሬ መመረዝ በዚያ ጅረት የተፈለፈለውን የዓመቱን ትውልድ እስከ ማጥፋት ሊደርስ ይችላል።

የዚህ ሁሉ ውጤት በጥናት ተረጋግጧል። ዶክተር ማርቲን ደ ግራፍና የሥራ ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ በ2004 ባሳተሙት ጥናት በ1990ዎቹ መጀመሪያና ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ የተካሄዱ የናሙና ውጤቶችን አነጻጽረዋል። በዚህም ወንዝ ወጥተው የሚራቡት የነጭ ዓሣ ዝርያዎች በክብደት 75 በመቶ፣ በቁጥር ደግሞ 80 በመቶ ያህል መቀነሳቸውን አሳይተዋል። የታዳጊዎቹ ቁጥር መቀነስ 90 በመቶ ገደማ መድረሱም ተመልክቷል። ተመራማሪዎቹ በመራቢያ ወቅት በመረብ የሚካሄደውን ማስገርና በወንዞች ላይ የሚደረገውን ምረዛ ለማሽቆልቆሉ እንደ ዋና ምክንያት ጠቅሰዋል።

ጉዳዩን አርሶ አደሩ ከራሱ ሥራ ጋር አያይዞ ቢመለከተው በቀላሉ ይረዳዋል። ከጎተራው ውስጥ ለምግብ የሚሆነውንና ለዘር የተቀመጠውን እህል ለይቶ የሚያውቅ ገበሬ በክረምት መግቢያ ዘሩን ፈጭቶ አይበላም። እንቁላል የተሸከመን ዓሣ በወንዝ መግቢያ ላይ መያዝ ግን ከዚህ የሚለይ አይደለም።

ከማስገሩ ሌላ የመራቢያ ሥፍራዎቹም እየተጎዱ ይገኛሉ። ለግንባታ የሚውል አሸዋና ጠጠር ከወንዞቹ መውጣቱ ዓሣው እንቁላሉን የሚጥልበትን ምንጣፍ ያሳጣዋል። ከተራቆቱ ተዳፋቶች ታጥቦ የሚወርደው አፈርም በጠጠሩ መካከል እየገባ እንቁላሉን ያፍነዋል። ለመስኖ የሚገነቡ ግድቦች ለአርሶ አደሩ የሚሰጡት ጥቅም ከፍተኛ ቢሆንም የዓሣውን መተላለፊያ የሚዘጉ በመሆናቸው በዕቅድ ወቅት ሊታሰብበት ይገባል። እ.ኤ.አ ከ2011 ወዲህ በሐይቁ ላይ የተከሰተው የእምቦጭ አረም ደግሞ በተለይ በሰሜናዊና በምሥራቃዊ ዳርቻ የሚገኙ አስጋሪዎችን ሥራ አስተጓጉሏል።

ይህን መሰሉ ጥፋት ወዴት እንደሚያደርስ የሌላ አገር ልምድ ያመለክታል። በፊሊፒንስ በሚገኘው የላናኦ ሐይቅ ውስጥ እንደ ጣና ሁሉ በሌላ ሥፍራ የማይገኙ በርካታ የአንድ ወገን ዝርያዎች ይኖሩ ነበር። ከውጭ በገቡ አዳኝ ዓሦች፣ ከመጠን በላይ በሆነ ማስገርና በአውዳሚ የአያያዝ ዘዴዎች ሳቢያ 15ቱ ዝርያዎች ፈጽመው መጥፋታቸውን ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እ.ኤ.አ በ2020 አስታውቋል። የጣና ነጭ ዓሦች ሳይበተን የቀረ የዚህ ዓይነት ስብስብ ብቸኛ ምሳሌ ተደርገው የሚታዩትም በዚህ የተነሳ ነው።

በአገራችን ሀብቱን ለመጠበቅ የሚያስችል የሕግ መሠረት አለ። በ1995 ዓ.ም የወጣው የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ሀብቱንና አካባቢውን መንከባከብን፣ ከመጠን ያለፈ አጠቃቀምን መከላከልንና የዓሣ እርባታን ማስፋፋትን ዓላማው አድርጓል። የአማራ ክልልም የራሱን የዓሣ ሀብት አዋጅ አውጥቷል። የጣና ሐይቅና አካባቢው እ.ኤ.አ በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መመዝገቡም ተጨማሪ ዕድል ነው።

ሕጉ መኖሩ ብቻውን ግን በቂ አይሆንም። ሐይቁን የሚቆጣጠር አካል ቢኖር እንኳ የመራቢያ ጅረቶቹ ከሐይቁ ብዙ ርቀት ላይ፣ በበርካታ ቀበሌዎች ውስጥ ተበታትነው የሚገኙ ናቸው። በዚያ ያለውን ጥፋት ሊያስቆም የሚችለው በወንዙ ዳር የሚኖረው ሕዝብ ራሱ ነው። በመሆኑም በየቀበሌው የወንዝ ጠባቂ ኮሚቴዎችን ማደራጀት፣ ስለ ብርብራ ጉዳት በትምህርት ቤቶችና በየስብሰባው ማስተማር፣ በሐምሌና በጥቅምት መካከልም የወንዞቹን መግቢያዎች ከመረብ ነጻ ማድረግ ቅድሚያ የሚሰጣቸው እርምጃዎች ናቸው።

በዚህ ወቅት ገቢያቸው የሚቀንስባቸው አስጋሪዎች ሌላ ሥራ የሚያገኙበት መንገድ ካልተመቻቸ ክልከላው በወረቀት ላይ ይቀራል። አስጋሪው በክረምቱ የሚተወው ዓሣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለራሱ ወይም ለልጁ መረብ የሚመለስ መሆኑን በተግባር ሊያይ ይገባል። ሸማቹም ቢሆን በመራቢያ ወራት እንቁላል የያዘ ነጭ ዓሣና ያልደረሰ ጫጩት ባለመግዛት የበኩሉን ማድረግ ይችላል።

ነጭ ዓሣ ከጣና ከጠፋ ከሌላ አገር አምጥቶ የሚተካበት መንገድ የለም። ስለሆነም ክረምት በመጣ ቁጥር ወደ ጉማራና ወደ ርብ የሚወጣው ዓሣ በሰላም ደርሶ በሰላም እንዲመለስ ማድረግ ከሐይቁ ጀምሮ እስከ ጉና ግርጌ ያለው ነዋሪ ሁሉ ኃላፊነት ሊሆን ይገባል።