የሰው አገር ሕግ ሳያውቁ መሄድ



ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ እዚሁ ቱሉ ዲምቱ በምኖርበት የጋራ መኖሪያ ቤት አንዲት ጎረቤቴ «መምህር፣ እባክዎ የልጅቱን ወረቀት ያንብቡልን» ሲሉ አስጠሩኝ። ልጅቱ ተማሪዬ ነበረች። ከሁለት ቀን በኋላ በቤት ሠራተኛነት ወደ ሪያድ ልትሄድ ተሰናድታለች።

ወረቀቱን እያነበብሁ ሳለ ዓይኔ ወደ ተከፈተው ሻንጣ ሄደ። በበርበሬውና በሽሮው መካከል በነጠላ የተጠቀለለ አንድ የውሃ ጠርሙስ አየሁ። ምን እንደ ሆነ ብጠይቅ፣ እዚያ ለምትኖረው አክስቷ የተላከ አረቄ ነው፤ «ለብርድና ለሆድ ቁርጠት» አሉኝ። ይውጣ ብላቸው የቀለድሁ መሰላቸው። «አንዲት ጠርሙስ አረቄ ያሳስራል እንዴ?» አሉ። በእኛ አገር እንግዳ ያለ ጠላና ያለ ጠጅ አይሸኝምና አልፈረድሁባቸውም።

በራሴ ግን ፈረድሁ። የልጅቱ የሥነ ዜጋ አስተማሪ እኔ ነበርሁ። የአገሯን ሕገ መንግሥት አንቀጾች በቃሏ አስጠንቻታለሁ፤ እንጀራ ፍለጋ የምትሄድበትን አገር ሕግ ግን አንድ ቀን አልነገርኋትም።

ሕጉ ጨዋታ አይደለም። በ1951 እ.ኤ.አ. በጅዳ አንድ ልዑል በስካር የእንግሊዝን ምክትል ቆንስል በጥይት ገደለ። ከዚያ በኋላ በ1952 ንጉሥ አብዱልአዚዝ የውጭ አገር ሰዎችም ሳይቀሩ መጠጥ እንዳያስገቡ ከለከሉ። የተላለፈ ይታሰራል፤ ባዕድ ከሆነም ከአገር ይባረራል። ግርፋትም ነበረበት፤ ዳኞች በራሳቸው ሥልጣን የሚወስኑት ግርፋት በእስራት ወይም በገንዘብ መቀጫ እንዲተካ የአገሩ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ያዘዘው በ2020 ነው። በኢራን ደግሞ ጠጥቶ የተገኘ ሙስሊም 80 ግርፋት ይፈረድበታል፤ ሦስት ጊዜ ተቀጥቶ በአራተኛው ከተያዘ ቅጣቱ ሞት ነው።

በስውር የሚጠመቀው መጠጥ ራሱ ከዳኛ የከፋ ቀጪ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜም አለ። መጠጥ ፈጽሞ በተከለከለባት በኩዌት በነሐሴ 2025 እ.ኤ.አ. ሜታኖል ያለበት መጠጥ የጠጡ 160 ሰዎች ተመርዘው 23ቱ ሞተዋል። ብዙዎቹ ከእስያ ለሥራ የመጡ ድኾች ነበሩ።

አንድ ነገር ልጨምር። በ2014 እ.ኤ.አ. አንድ አረጋዊ እንግሊዛዊ ቤት ውስጥ የተጠመቀ ወይን በመኪናው ተገኝቶ በሳውዲ ዓረቢያ ከአንድ ዓመት በላይ ታሰረ። 350 ግርፋት ይደርስበታል ብለው የፈሩ ልጆቹ አቤት አሉ፤ የአገሩ ጠቅላይ ሚኒስትር ዴቪድ ካሜሮን ደብዳቤ ጻፉለት፤ በጥቅምት 2015ም ተለቀቀ። ጠርሙሱ የተገኘው በተማሪዬ ሻንጣ ቢሆን ኖሮ ማን ይጽፍላት ነበር? ፓስፖርቷ በአሠሪዋ እጅ፣ ቋንቋው አይገባት፣ እናቷ ቱሉ ዲምቱ።

ሕጉ ከበደ ብሎ ባለአገሩን መውቀስ አይጠቅመንም። በቤቱ የሚያዝዝ ባለቤቱ ነው። የእኛ ፋንታ ልጆቻችንን አስተምሮ መስደድ ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ለሠራተኛው ከጉዞ በፊት ገለጻ እንዲሰጥ ደንግጓል። ይህ ገለጻ ለፊርማ ያህል እንዳይሆን፣ ልጅቱ በሚገባት ቋንቋ «ይህን አትያዢ፤ ይህን አትጥመቂ፤ የሰው ዕቃ ሳታዪ አትቀበዪ» ተብሎ በግልጽ ይነገር። ብትያዝም ቆንስላዋ እንዲነገረው መጠየቅ እንደምትችል ትወቅ፤ ይህ መብት በ1963 እ.ኤ.አ. በተደረገው የቪየና ስምምነት አንቀጽ 36 ተጽፏል። የኤምባሲውንም ስልክ ቍጥር በቃሏ ትያዝ። በየወረዳው ወረቀት የምታዩና ማኅተም የምታሳርፉ ወንድሞችና እኅቶች፣ ማኅተሙ ከማረፉ በፊት አምስት ደቂቃ ስጧቸው። እኔም በክፍሌ የድርሻዬን ጀምሬአለሁ።

ልጅቱ በሰላም ገብታለች። ጠርሙሱ እናትየው ቁም ሣጥን ላይ ቀርቷል። በሌላው ሻንጣ ውስጥ ያለውን ግን ማን አየው? ሳይቃጠል በቅጠል ነውና እናስብበት።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከቱሉ ዲምቱ