ዜናና ወሬ

ዛሬ ስለ ዜና አጻጻፍ ላካፍላችሁ።

«አእምሮ» የተባለው የአማርኛ ጋዜጣ በአፄ ምኒልክ ዘመን ሲጀመር እንደኛ መጽሔት በእጅ ይጻፍ ነበር።

ዜና ስድስት ጥያቄ ይመልሳል፦ ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ለምን፣ እንዴት። ወሬ ግን «አሉ» ብሎ ያልፋል። ለምሳሌ ቡናን ያገኘው እረኛው ካልዲ ነው የሚለው አፈ ታሪክ ስለሆነ «ይባላል» ብለን እንጽፋለን። የካፋ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ መመዝገቡ ግን ሰነድ አለው።

ባለፈው አንድ ልጅ ደብተር ሰረቀ ተብሎ ተወራ። እኔ ልጁንም፣ የደብተሩን ባለቤትም ጠየቅኩ። ለካ ደብተሩ ቤት ተረስቶ ነው! ሳንጠይቅ ጽፈነው ቢሆን ልጁ እንዴት ትምህርት ቤት ይመጣ ነበር?

እናንተም ወሬ ስትሰሙ መጀመሪያ «ማን አየ?» በሉ።