ከጉድፍ ውስጥ የተገኘ ምስክር

የነገሥታት ሥራ በዜና መዋዕል ይጻፋል፤ የጦር አለቆችም ስም በድንጋይ ላይ ይቀረጻል። በጓዳ የደከሙት እናቶች ለቤተ ሰባቸው ያበሉትን ግን የሚጽፍ ጸሐፊ እምብዛም አልተገኘም። ስለዚህ ጽሕፈት ያላወቁ ሕዝቦች የቤት ኑሮ ፈጽሞ ተረስቶ የቀረ ይመስለን ነበር። ሆኖም ከማዕድ ተነሥቶ የተጣለ አጥንት ራሱ ምስክር መሆኑን ከዴንማርክ ሊቃውንት ሥራ ተረድተናል።

በዴንማርክ ባሕር ዳር ታላላቅ የዛጎል ክምሮች አሉ። ቀድሞ ባሕሩ የተፋቸው ይመስሉ ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1848 ዓ.ም. የአገሩ የሳይንስ አካዳሚ ፎርክሐመር፥ ስቴንስትሩፕና ቮርሶ የተባሉትን ሦስት ሊቃውንት ለምርመራ መረጠ። በ1850 ዓ.ም. ሜይልጎር በሚባል ስፍራ ለመንገድ የሚነጠፍ ዛጎል ሲቆፈር፥ የባልጩት መሣሪያ፥ ከሰልና የአውሬ አጥንት አብሮ ተገኘ። በዚህም ክምሩ የሰው ማዕድ ትራፊ መሆኑ ታወቀ፤ ስሙም «የወጥ ቤት ጉድፍ» ተባለ። ዕድሜው ከ6 ሺህ ዓመት እንደሚበልጥ ዛሬ ተረጋግጧል።

የእንስሳት ዐዋቂው ስቴንስትሩፕ አጥንቱን አንድ በአንድ መረመረ። ወደዚያ አገር በክረምት ብቻ የምትመጣ የዱር ስዋን የተባለች ነጭ የውሃ ወፍ አጥንት ስላገኘ፥ ሰዎቹ በብርዱ ወራት በዚያ እንደ ነበሩ ዐወቀ። ደግሞም የወፎቹ ረጃጅም አጥንቶች ጫፋቸው ጠፍቶ መካከላቸው ብቻ መቅረቱን አስተዋለ። ምክንያቱን ለማወቅ የወፍ አጥንት ለውሾች ሰጠ፤ ውሾቹም ለስላሳውን ጫፍ በልተው ጠንካራውን መካከል ተዉት። የተረፈውም ከክምሩ ከተገኘው ጋራ አንድ ሆነ። የውሻም አጥንት ከዚያው ተገኘ። እንግዲህ በአደንና በዓሣ ማጥመድ ይኖሩ የነበሩት እነዚያ ሰዎች ውሻን ከቤታቸው አስጠግተው ነበር ማለት ነው።

ስማቸውንና ቋንቋቸውን የሚነግረን የለም። ነገር ግን እሳት ዳር ተቀምጦ ከበላው ላይ ለውሻው የሚጥል ሰው እንደ ነበረ፥ በጥርስ የተበላው አጥንት ይነግረናል።

ስለዚህ መሠረት ሲቆፈር አሮጌ አጥንት ከዛጎል ወይም ከአመድ ጋራ ቢገኝ፥ ሳይነካ ለሚያውቁ ሰዎች ማስታወቅ ይገባል። ምስክሩ የሚታመነው በቦታው ሳለ ነውና፤ አንድ ጊዜ ከተበተነ ግን መልሶ የሚጠይቀው አይገኝም።