እንቅልፍ የሚያጣው ማን ነው?

ባለሱቅ በዱቤ የሰጠው ገንዘብ ሳይመለስለት ሲቀር ሌሊቱን ሲገላበጥ ያድራል። የጠፋው የገዛ ገንዘቡ ስለሆነ፣ ነገ ማንን ዱቤ መከልከል እንዳለበት መካሪ አያሻውም። በብድርና ቁጠባ ተቋም ግን ያልተመለሰው ብድር የማን ገንዘብ ነው? ሥራ አስኪያጁ በወሩ መጨረሻ ደመወዙን ይቀበላል። ከቦርድ አባላቱ ብዙዎቹ ሌላ ኃላፊነት ስላላቸው ከስብሰባው በኋላ ወደዚያው ይመለሳሉ። የጠፋው ገንዘብ በከፊል የመንግሥት ወይም የለጋሽ ነው፤ በከፊል ደግሞ ከጠላ ሽያጭ ያተረፈችውን ጥቂት ብር በየጊዜው ወደ ቅርንጫፉ እያመጣች በደብተሯ የምታስመዘግብ እናት ገንዘብ ነው። እሷ ቦርዱ መሰብሰቡን እንኳ አትሰማም። የተቋም አስተዳደር ስንል በእሷ ቦታ ሆኖ የሚጨነቅ፣ ሲያስፈልግም «አይሆንም» የሚል ሰው አለ ወይ ማለታችን ነው።

የአነስተኛ ብድርና ቁጠባ ተቋማት ዘርፍ በአገራችን ሕጋዊ መልክ የያዘው በአዋጅ ቁጥር 40/1988 ነው፤ ይህ አዋጅ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 626/2001 ተተክቷል። ተቋማቱ አክሲዮን ማኅበር ሆነው በብሔራዊ ባንክ ቁጥጥር ሥር እንዲሠሩ ተደረገ። ትልልቆቹ ግን በተግባር የክልል መንግሥታትና የልማት ድርጅቶች ልጆች ናቸው። ይህ በጎ ጎን ነበረው። የግል ባንክ ዞር ብሎ ያላየው ወረዳ ድረስ የዘለቁት፣ መያዣ የሌለውን ገበሬ በቡድን ዋስትና ያበደሩት እነሱ ናቸው። ችግሩ የሚመጣው ባለቤቱም፣ ሹመት ሰጪውም፣ ብድሩ ለማን ይድረስ የሚለውም አንድ አካል ሲሆን ነው። ያን ጊዜ በጠረጴዛው ዙሪያ የተቀመጠ ሁሉ ትእዛዝ ፈጻሚ ይሆናል።

በ2009 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋመውን የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ እናስታውስ። 10 ቢሊዮን ብር ተመድቦ ገንዘቡ በተቋማቱ በኩል ለተደራጁ ወጣቶች እንዲደርስ ተወሰነ። ዓላማውን ማንም አይነቅፍም። ነገር ግን ስኬት በተሰጠው ብድር ብዛት ሲለካ፣ የብድር ባለሙያው የቀረበለትን የሥራ ዕቅድ ለመመርመር ጊዜም ድፍረትም ያጣል። ወጣቶቹም ገንዘቡን እንደ ብድር ሳይሆን እንደ ድርሻ ማየት ይጀምራሉ፤ በየቦታው ሳይመለስ የቀረውም ብዙ ነው። እኔ የማዝነው በወጣቶቹ አይደለም። «ይህ ዕቅድ አያዋጣህም» ብሎ በጊዜ የሚነግራቸው ሰው ስላላገኙ ዕዳ ተሸክመው ቀርተዋል።

ቦርድ ከተበዳሪው ኑሮ የራቀ ነው ብሎ የሚያስብ አንባቢ ወለዱን ይመልከት። ብሔራዊ ባንክ የብድር ወለድ ጣሪያውን ካነሳ ወዲህ ወለድ የሚወስነው የየተቋሙ ቦርድ ነው። አንዲት ሴት 10,000 ብር ለአንድ ዓመት በ15 በመቶ ተበደረች እንበል፤ ዕዳዋን የምትከፍለው በየወሩ ነው። ወለዱ ዓመቱን ሙሉ በመጀመሪያው 10,000 ላይ ከታሰበ 1,500 ብር ትከፍላለች። ነገር ግን ዋናው ዕዳ በየወሩ እየቀነሰ ስለሚሄድ በአማካይ በእጇ የቆየው ገንዘብ ከግማሽ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ስለዚህ እውነተኛው ወለድ ከ25 በመቶ ያልፋል። ይህን ስሌት ያልተረዳ የቦርድ አባል ለድሃ የወሰነ እየመሰለው በድሃ ላይ ይወስናል።

የመንግሥት እጅ ከጠረጴዛው ቢነሳ ሁሉ ይቃናል ማለትም አይደለም። በሕንድ አንድራ ፕራዴሽ ግዛት ለትርፍ የቆሙ አበዳሪዎች በዕድገት ሲሽቀዳደሙ፣ አንዲት ሴት ከሦስትና ከአራት ቦታ ስትበደር ማንም አላቆማትም። በፈረንጆች 2010 ክረምት ትልቁ አበዳሪ ኤስኬኤስ አክሲዮኑን ለሕዝብ ሸጠ፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ሥራ አስኪያጁ ተነሳ። ዕዳ ያስጨነቃቸው ተበዳሪዎች ራሳቸውን አጠፉ የሚል ዘገባ ሲበዛ ግዛቱ በጥቅምት ጥብቅ ድንጋጌ አወጣ፤ የብድር አመላለሱም ተንኮታኮተ። እዚያ የጎደለውም ባለሀብቱን «ቀስ በል» የሚል ሰው ነበር።

ሮይ መርስላንድና ኦይስቲን ስትሮም የተባሉ አጥኚዎች በብዙ አገሮች ያሉ ተቋማትን አወዳድረው በፈረንጆች 2009 ያወጡት ጥናት ይህን ያጠናክራል። ባለአክሲዮን ባላቸውና ለትርፍ ባልተቋቋሙት መካከል ጉልህ ልዩነት አላገኙም። የተሻለ የገንዘብ ውጤት የታየው የቦርድ አባላቱ የአገሩ ሰዎች በሆኑበት፣ የውስጥ ኦዲተሩ በቀጥታ ለቦርዱ ሪፖርት በሚያደርግበትና ሴት ሥራ አስኪያጅ ባለችበት ተቋም ነው። እኔን የሚገርመኝ ስለ ኦዲተሩ ያገኙት ነው። ሪፖርቱን ለሥራ አስኪያጁ የሚያቀርብ ኦዲተር በቅርንጫፍ ያየው ጉድለት ወደ ላይ ሲወጣ እየቀለለ ይሄዳል። ውዝፉ «የተራዘመ ብድር» ይባላል፤ ለአሮጌው ዕዳ መክፈያ የተሰጠው አዲስ ብድር «አዲስ ደንበኛ» ተብሎ ይመዘገባል። ቦርዱ የሚያየው ግን ያማረ ሠንጠረዥ ነው።

ከትልልቆቹ ተቋማት ስንቄ፣ ፀደይና ኦሞ ዛሬ ባንክ ሆነዋል። የቆጣቢዎቹም ገንዘብ አብሮ ተሻግሯል። በባንግላዴሽ ግራሚን ባንክ ከቦርዱ መቀመጫ አብዛኛውን የሚይዙት ተበዳሪዎች ራሳቸው የመረጧቸው ሴቶች ናቸው። እኛ ጋ ጠላ ሻጯ እናት ወደ ባንክነቱ የተሻገረችው ደብተሯን ይዛ ነው፤ ወንበር አልተሰጣትም።